ባክላሽ ምንድን ነው? አሮጌ ቶርኖ ለምትገዙ

«እጀታው አሥር መስመር ያህል በባዶ ይዞራል። ማሽኑ በሩብ ሚሊሜትር ይስታል ማለት ነው። እንዳትገዛው!»

ለቤቱ ወርክሾፕ አሮጌ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) የሚያፈላልግ ሰው ምክር ሲጠይቅ፣ ከአንዱ አስተያየት ሰጪ የሚያገኘው መልስ ይህ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ማይፎርድ ኤምኤል7 በሚባል አንድ ቶርኖ ላይ ሲደገም አየሁ። በዚህ ምክር ምክንያት ጤነኛ ማሽን ለቁርጥራጭ ብረት ሲሸጥ ያንገበግበኛል።

ባክላሽ ማለት እጀታውን ወደ አንድ አቅጣጫ ስታዞሩ ቆይታችሁ ስትመልሱት፣ መቁረጫው ቆሞ እጀታው ብቻውን የሚዞርበት ርቀት ነው። የሚመጣው መቁረጫውን በሚያንቀሳቅሰው ብሎንና በዳዶው ጥርሶች መካከል ካለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ ያለ እሱ ዘይት አይገባም፣ ብሎኑም አይዞርም። ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ተራ ቶርኖም ባክላሽ አለው። ዳዶው በዕድሜ ሲበላ ይጨምራል እንጂ ከዜሮ አልተነሳም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ኤምኤል7 እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣ የእንግሊዝ ማሽን ነው፤ የሚሠራውም ኖቲንግሃም አጠገብ ቢስተን ውስጥ ነበር። የኢንች ልክ ያለው ሞዴል ላይ እጀታው አንድ ዙር ሲዞር መቁረጫው 0.1 ኢንች ይገባል። ዙሪያውን 100 መስመር አለ። አንዱ መስመር 0.001 ኢንች፣ ማለትም 0.0254 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ አሥር መስመር ሩብ ሚሊሜትር መሆኑ እውነት ነው። ማሽኑ ሩብ ሚሊሜትር ይስታል የሚለው ግን ስህተት ነው።

በገመድ የተያዘ ወይፈን አስቡ። ወይፈኑ ሁልጊዜ ከእናንተ ሊርቅ ይጎትታል። ገመዱን ስትሰበስቡ ይቀርባል። ገመዱ ውጥር ስለሆነ የት እንዳለ በክንድ መለካት ትችላላችሁ። ስትለቁለት ግን ወዲያው ላይሄድ ይችላል። ገመዱ ይረግባል፣ ርዝመቱም የወይፈኑን ቦታ አይነግራችሁም። ቶርኖ ላይ ገመዱ ብሎኑ ነው፤ ወይፈኑ መቁረጫውን የተሸከመው ተንሸራታች ነው። የሚቆረጠው ብረት መቁረጫውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ወደ ብረቱ እየገባችሁ ስትቆርጡ ክፍተቱ በሙሉ በአንድ ወገን ተጠቃሏል። ገመዱ ውጥር ነው። ባክላሹ አሥር መስመር ይሁን ሠላሳ፣ ልኩ ውስጥ አይገባም።

የምትፈልጉትን መስመር ካለፋችሁ ያለፋችሁትን ያህል ብቻ አትመልሱ። ግማሽ ዙር ወደ ኋላ ውጡና እንደገና እየገባችሁ መስመሩ ላይ ቁሙ። ቀዳዳ ከውስጥ ስታሰፉ ወይፈኑ የሚጎትተው ወደ ተቃራኒው ነው፤ ስለዚህ ክፍተቱን ተንሸራታቹን ወደ ራሳችሁ በመሳብ ጨርሱት።

ወይፈኑ ወደ እናንተ ቢሮጥስ? ገመድ ገፍቶ አያቆመውም። ቶርኖ ላይ ይህ የሚያጋጥመው ብረት ቆርጣችሁ ስትለዩ፣ ወይም ነሐስ ላይ ፊቱ በጣም የተዘነበለ መቁረጫ ስትጠቀሙ ነው። መቁረጫው ራሱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ የባክላሹን ያህል በአንዴ ዘልሎ ይገባል፣ ሊሰበርም ይችላል። እዚህ ላይ ባክላሽ በእውነት ያስቸግራል። ተንሸራታቹን ትንሽ አጥብቃችሁ፣ መቁረጫውን ስላችሁና በመሐል ከፍታው ልክ አስራችሁ ሥሩ።

ወንድሜ አስተያየት ሰጪ፣ ከሲኤንሲ (በኮምፒውተር ከሚመሩ ማሽኖች) ዓለም የመጣህ ይመስለኛል። እዚያ ልክ ነህ። ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ አቅጣጫ ይቀይራል፤ ለዚህም ነው ቦል ስክሩ (ክፍተቱ እጅግ ያነሰ ባለ ኳስ ብሎን) የሚገጠምለት። ሚሊንግ (ብረቱ ሳይሆን መቁረጫው የሚሽከረከርበት ሥራ) ላይም፣ ጥርሱ ሥራውን ወደ ራሱ በሚስብበት አቅጣጫ ከተቆረጠ ባክላሽ አደገኛ ነው። ቶርኖ ላይ የሚሊንግ መያዣ ገጥመው የሚሠሩም ይህን ልብ ይበሉ። ለተራ የእጅ ቶርኖ ግን ይህን ፍርድ ማውረስ አይገባም።

በቶርኖ የብሎን ጥርስ ስታወጡ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በኢንች ማሽን የሚሊሜትር ጥርስ ስታወጡ ተንሸራታቹን በማሽኑ ርዝመት የሚነዳውን ረጅሙን ብሎን ሳትለቁ ሞተሩን በተቃራኒ አዙራችሁ ትመለሳላችሁ። ከመመለሳችሁ በፊት መቁረጫውን ከጥርሱ አውጡ። አለዚያ የረጅሙ ብሎን ባክላሽ መንገዱን ያስለቅቀውና ያወጣችሁትን ጥርስ ይበላዋል።

አሮጌ ቶርኖ ስትገዙ ጊዜያችሁን የምትሰጡት ለአልጋው ይሁን፤ ሁሉም ነገር ለሚንሸራተትባቸው ሁለት ረጃጅም ሐዲዶች። በአልጋው ላይ የሚሄደውን ትልቁን ተንሸራታች፣ የሚቆረጠውን ብረት የሚይዘው ቻክ አጠገብ አምጡ። የማጥበቂያውን ብሎኖች ጫና እስኪሰማችሁ አጥብቁ። ከዚያ በአልጋው ሌላ ጫፍ ወዳለው ድጋፍ፣ ወደ ቴይልስቶኩ፣ ውሰዱት። መንገድ ላይ ከተቀረቀረ አልጋው ቻኩ አጠገብ ተበልቷል፤ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው እዚያ ነውና። ዳዶ በቀላሉ ይቀየራል። አልጋን እንደገና ማስተካከል ግን ከማሽኑ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

የአልጋው መበላትም አንድ ዓይነት አይደለም። 20 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ዘንግ ላይ መቁረጫው 0.1 ሚሊሜትር ቀጥ ብሎ ቢወርድ፣ ዲያሜትሩ የሚለወጠው ወደ 0.001 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ያው 0.1 ወደ ጎን ቢሆን ግን ዲያሜትሩ በ0.2 ይለወጣል። ችግሩ፣ የፊተኛው ሐዲድ ብቻ ሲበላ ትልቁ ተንሸራታች ይዘነብላል፣ መቁረጫውም ወደ ጎን ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱንም ሐዲድ አንድ ላይ እዩ።

ባክላሹን ለመቀነስ ከፈለጋችሁ፣ መጀመሪያ እጀታውን ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ገፋ ሳብ አድርጉት። ከተንቀሳቀሰ፣ የባክላሹ አንዱ ክፍል የብሎኑ ዘንግ የዳር ልቅነት ነው፤ በብዙ ማሽን ላይ እጀታው አጠገብ ባለው ማስተካከያ ይጠባል። የቀረው የዳዶው ነው። አዲስ ዳዶ ከማዘዛችሁ በፊት ግን ባክላሹን መቁረጫውን በሚያስገባው ትንሹ ተንሸራታች ጉዞ መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ላይ ለኩ። መሐል ላይ ከዳሮቹ ከበለጠ የተበላው ብሎኑም ነው። መሐል ላይ አጥብቃችሁ ያስተካከላችሁት ዳዶ ዳር ላይ ይጨናነቃል፤ ያን ጊዜ ብሎኑን ከዳዶው ጋር አብራችሁ ቀይሩ።