ሃይድሮጅን ያለው አሞርፈስ ሲሊከን ማለት ምን ማለት ነው?

በካልኩሌተር አናት ላይ ያለችው ጠቆር ያለች የፀሐይ ሴል ብዙውን ጊዜ የምትሠራው ከዚህ ነው።

በክሪስታል ሲሊከን ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር በሥርዓት ተያይዟል። በአሞርፈስ ሲሊከን ግን አደራደሩ የተዘበራረቀ ነው፤ አንዳንዱ አቶም አራተኛ ጎረቤት ያጣና አንድ እጁ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ኤሌክትሮኖች እዚያ ስለሚጠመዱ ንጹሑ አሞርፈስ ሲሊከን ለኤሌክትሮኒክስ እምብዛም አይረባም። ሃይድሮጅን ያንን ባዶ እጅ ይይዛል። ስሱ ንብርብር (ፊልሙ) ከሲሌን፣ ማለትም ከሲሊከንና ከሃይድሮጅን ውህድ ጋዝ፣ በፕላዝማ (በኤሌክትሪክ በተሞላ ጋዝ) ሲሠራ ከአቶሞቹ 10 በመቶ ገደማ ሃይድሮጅን ሊሆን ይችላል፤ እንግዲህ ሃይድሮጅኑ የሚፈለግ እንጂ ቆሻሻ አይደለም።

ብርሃን በደንብ ስለሚመጥ ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ ውፍረት ይበቃዋል። በጠፍጣፋ ስክሪኖች ውስጥ ላሉት ትራንዚስተሮችም ያገለግላል። ክፉ አመሉ ብርሃን ላይ ሲቆይ ብቃቱ መቀነሱ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ስቴብለርና ሮንስኪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1977 አሳይተዋል። ደግነቱ፣ ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ያገግማል።

«ሃሎጅን ያለው» አሞርፈስ ሲሊከን የሚባልም አለ፤ ይህ በአብዛኛው ከሃሎጅኖች አንዱ የሆነው ፍሎሪን የገባበት ማለት ነው። የፍሎሪን ሥራ ያው የሃይድሮጅን ሥራ ነው፤ ከሲሊከን ጋር ያለው ትስስር ግን ከሃይድሮጅን ይልቅ ይጠነክራል።