የአጣብቂኝ ጥያቄ ምንድን ነው?

ለግዥ ባለሙያነት ተወዳድረህ ኢንተርቪው ላይ ተቀምጠሃል እንበል። ስለ ትምህርትህና ስለ ልምድህ ጠይቀው ጨርሰዋል። ከዚያ አንዷ ጠያቂ ቀና ትልና «ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ቀረበልህ። ማኅተማቸው ይለያያል፣ ስልክ ቁጥራቸው ግን አንድ ነው። አለቃህ ደግሞ ‹ዕቃው ዛሬ ካልተገዛ ሥራ ይቆማል፤ ፈርምና ጨርስ› አሉህ። ምን ታደርጋለህ?» ትልሃለች።

የአጣብቂኝ ጥያቄ የሚባለው ይህ ነው። ወዲህ ብትል ደንቡ፣ ወዲያ ብትል አለቃና የሚቆም ሥራ። ምንም ሳያስከፍል የሚያልፍ መልስ የለውም፤ ሆን ተብሎም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 ጋሪ ላታም የተባለ የሥራ ሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር «እንዲህ ቢገጥምህ ምን ታደርጋለህ?» የሚል የኢንተርቪው ዘዴ አቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሰው አደርገዋለሁ ብሎ ያሰበውና በኋላ የሚያደርገው ብዙ አይራራቁም። ግን «ጉቦ ትቀበላለህ?» ቢባል አዎ የሚል የለም። ስለዚህ ጥያቄው ውስጥ ግራና ቀኝ የሚጎትት ነገር ይከተታል። ጥሩ፣ መካከለኛና ደካማ መልስ ምን እንደሚመስልም አስቀድሞ ይጻፋል። አንዳንዱ ፓነል (የጠያቂዎች ቡድን) ግን ጥያቄውን ከኢንተርኔት ቀድቶ ነጥቡን በስሜት ነው የሚሰጠው።

ወደ ፕሮፎርማው እንመለስ። «አለቃ ካዘዘ እፈርማለሁ» የሚለው መልስ እንደማያስኬድ ግልጽ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው በሌላኛው ጫፍ ነው፦ «ወዲያውኑ ለፀረ ሙስና ኮሚሽን እጠቁማለሁ!» ጀግንነት ይመስላል። ግን ሰውየው ገና ምንም አላጣራም። የስልኩ ቁጥር የጽሕፈት ስህተት ቢሆንስ? ለአፍ ዳገት እንደሌለው ደግሞ ጠያቂዎቹም ያውቃሉ።

የሚፈለገው ቅደም ተከተል ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦ «መጀመሪያ ስልኩን ደውዬ፣ አድራሻቸውንም አይቼ አጣራለሁ። ከአንድ ሰው የወጡ ከሆኑ አልፈርምም። ምክንያቱን ለአለቃዬ ለብቻቸው አስረዳለሁ፤ ዛሬውኑ ሌላ ፕሮፎርማ ሰብስቤ ልምጣ እላቸዋለሁ። ግድ ፈርም ካሉኝ አቋሜን በጽሑፍ አስቀምጬ ለውስጥ ኦዲት ወይም ለሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሉ አቀርባለሁ።» እዚህ ውስጥ ሥራው እንዳይቆም አማራጭ መቅረቡን ልብ በል። እኔ ፓነል ላይ ብሆን ከፍተኛውን ነጥብ የምሰጠው ለዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ከዚያ ተከታዩ ይመጣል፦ «ካልፈረምክ ኮንትራትህ አይታደስም ቢሉህስ?» እዚህ ላይ «ከባድ ነው፣ ቤተሰብ አለኝ፤ ግን ፊርማው የእኔ ስለሆነ ተጠያቂውም እኔ ነኝ» ማለት ነውር የለውም። ምንም አልፈራም የሚለውን ሰው እኔ አላምነውም።

አንዳንዴ ጥያቄው ወደኋላ ይዞራል፤ «እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞህ ያውቃል?» ይሉሃል። ገጥሞህ ከሆነ ያደረግኸውን ተናገር። የቀድሞ አለቃህን ስም አታንሳ። የድሮውን ቤት ገበና የሚዘረግፍ ሰው ነገ የእኛንም ይዘረግፋል ብለው ነው የሚያስቡት።

ከአጣብቂኝ ጥያቄ ጋር የማይደባለቅ ሌላ ዓይነት አለ። «አግብተሻል? ቶሎ የመውለድ ሐሳብ አለሽ?» ይህ ሥነ ምግባርን አይመዝንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በብሔርና በመሳሰሉት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። የተጠየቀችው መጣላት ካልፈለገች «የሥራ ሰዓቱንና የመስክ ጉዞውን ከሆነ እችላለሁ» ብላ ልታልፈው ትችላለች።

በጣም ተንኮለኛው ግን በጨዋታ መልክ የሚመጣው ነው፦ «ከነበርክበት ድርጅት የደንበኞችን ዝርዝር ይዘህልን ትመጣለህ አይደል?» እየፈተኑህ ይሁን ከልባቸው ይሁን አታውቅም። ማወቅም አያስፈልግህም፤ መልሱ በሁለቱም አንድ ነው፦ «ዝርዝሩ የእነሱ ነው። ደንበኛ ግን ከዜሮ ተነስቼ ማምጣት እችላለሁ።» ከዚህ በኋላም ከገፉበት፣ የደመወዙ ጉዳይ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ስለ መሥሪያ ቤቱ አንድ ቁም ነገር ነግረውሃል።