ኔክሰስ ምንድን ነው? በኦንላይን የሚሸጥ ሰው ለሴልስ ታክስ የሚመዘገበው መቼ ነው?

አሜሪካ ውስጥ ነጠላ፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ የብር ጌጥና ጀበና በኦንላይን የሚሸጡ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ኤልኤልሲ (የባለቤቱን የግል ንብረት ከድርጅቱ ዕዳ የሚከልል የድርጅት ዓይነት) ያቋቁማሉ፣ ድረ ገጽ ያሠራሉ፣ የባንክ ሂሳብ ይከፍታሉ። የሴልስ ታክስ፣ ማለትም ደንበኛው በዕቃው ዋጋ ላይ ጨምሮ የሚከፍለው የሽያጭ ታክስ፣ ነገር ሲነሳ ግን ደጋግሜ የምሰማው መልስ አንድ ነው፦ «እሱ እኮ መቶ ሺህ ዶላር ከሸጥክ በኋላ ነው።» ይህ ምክር ለአንዳንዱ ሽያጭ ልክ ነው። ለሌላው ግን ሰውን ሳያውቀው ዕዳ ውስጥ ይከተዋል። የቱ ለየቱ እንደሆነ ለመለየት ኔክሰስ የሚባለውን ነገር መረዳት ያስፈልጋል።

ኔክሰስ አንድን ነጋዴ ከአንድ ስቴት ጋር የሚያስተሳስር ግንኙነት ነው። ይህ ግንኙነት ካለ ስቴቱ ነጋዴውን «ከደንበኞችህ ታክስ ሰብስበህ አስገባ» ብሎ ማዘዝ ይችላል። ግንኙነቱ ካለ፣ የምትሸጡትም ዕቃ ታክስ የሚከፈልበት ከሆነ፣ መመዝገብ ግዴታ ነው። ጥያቄው ደግሞ የሚነሳው ለእያንዳንዱ ስቴት ለየብቻው ነው።

አገር ቤት ነግዶ ለመጣ ሰው ግራ የሚያጋባው ይኸው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቫት 15 በመቶ ነው፤ ሐዋሳ ተሸጠ ባሕር ዳር ለውጥ የለውም። አሜሪካ ውስጥ ግን የፌዴራል ሴልስ ታክስ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት አይአርኤስ በዚህ ጉዳይ አይገባበትም። 45 ስቴቶችና ዋሽንግተን ዲሲ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕግ፣ የራሳቸው መጣኔና የራሳቸው መመዝገቢያ አላቸው። ዴላዌር፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሸር፣ ኦሪገንና አላስካ በስቴት ደረጃ አያስከፍሉም። አላስካ ውስጥ ግን የየራሳቸውን የሚያስከፍሉ ከተሞች አሉ።

ኔክሰስ በሁለት መንገድ ይመጣል። የመጀመሪያው በአካል መገኘት ነው። የምትሠሩበት ቤት፣ ዕቃ ያስቀመጣችሁበት ጋራዥ፣ የቀጠራችሁት ሰው፣ ሁሉም ይቆጠራል። ሲልቨር ስፕሪንግ ከአፓርታማዋ ሆና ነጠላ የምትሸጥን እህት እናስብ። ከሜሪላንድ ጋር ያላት ግንኙነት ገና ሥራውን ስትጀምር የነበረ ነው። ሜሪላንድ ላለ ደንበኛ የመጀመሪያዋን ነጠላ ስትልክ 6 በመቶ መሰብሰብ አለባት፤ ለዚያም አስቀድማ መመዝገብ አለባት። መቶ ሺህ የሚባለው ገደብ እዚህ ቦታ የለውም። የሚኖሩበት ስቴት ውስጥ መሸጥና ሌላ ስቴት ውስጥ መሸጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙ ሰው የሚረዳው ዘግይቶ ነው።

በአካል መገኘት ቤትን ብቻ አይመለከትም። ዕቃችሁን ለአማዞን መጋዘን ከሰጣችሁ፣ አማዞን እናንተ ረግጣችሁት ወደማታውቁት ስቴት ሊያዘዋውረው ይችላል። ዕቃው እዚያ መቀመጡ በአብዛኛው ስቴት ሕግ በአካል እንደመገኘት ይታያል። በየዓመቱ በበጋ ከተማ እየቀያየረ በሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ውድድር ላይ ድንኳን ተከራይታችሁ የምትሸጡም ብትሆኑ ነገሩ ይመለከታችኋል። ለእነዚያ ጥቂት ቀናት በዚያ ስቴት በአካል ተገኝታችሁ እየሸጣችሁ ነው። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ስቴቶች ለእንዲህ ዓይነቱ ሽያጭ ጊዜያዊ ፐርሚት ይሰጣሉ። ከጉዞው በፊት የአዘጋጁን ከተማ ስቴት ድረ ገጽ ማየት ያዋጣል።

ሁለተኛው መንገድ የሽያጭ መጠን ነው። ይህ የመጣው በቅርቡ ነው። በፈረንጆቹ 1992 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አንድ ስቴት በግዛቱ በአካል የሌለን ሻጭ ታክስ ሰብስብ ብሎ ማስገደድ አይችልም ብሎ ነበር። ያኔ ጉዳዩ በፖስታ ትዕዛዝ የሚሸጡ ድርጅቶችን የሚመለከት ነበር። ኢንተርኔት ሲመጣ ስቴቶች ብዙ ገቢ ቀረባቸው። ሳውዝ ዳኮታ አዲስ ሕግ አወጣች፤ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ወይም 200 ሽያጭ ወደ ስቴቱ ያደረገ ሁሉ ይመዝገብ አለች። የቤት ዕቃ ሻጩ ዌይፌር ተከራከረ። በፈረንጆቹ ጁን 21 ቀን 2018 ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ የድሮውን ውሳኔ ሽሮ ለሳውዝ ዳኮታ ፈረደ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ስቴቶች ተከታተሉ። ሚዙሪ በጃንዋሪ 2023 የመጨረሻዋ ሆና ስትገባ፣ ሴልስ ታክስ ካላቸው ስቴቶች የቀረ አልነበረም።

እንግዲህ የ100,000 ዶላሩ ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። ግን እሱም ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ 500,000 ዶላር ይላሉ። ኒው ዮርክ 500,000 ዶላርና ከ100 በላይ ሽያጭ አንድ ላይ ትጠይቃለች። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያ 200 የሚለው ቁጥር ነው። ሳውዝ ዳኮታ ራሷ በ2023 አስቀርታዋለች፤ ሌሎችም እያስቀሩት ነው። አሁንም ባለባቸው ስቴቶች ግን በ30 ዶላር ሻሽ የሚሸጥ ሰው ገና 6,000 ዶላር ላይ ገደቡን ይነካል። ትንንሽ ዕቃ ለብዙ ሰው የምትልኩ ከሆነ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የትዕዛዙን ብዛት በየስቴቱ መቁጠር አለባችሁ።

በኤትሲ፣ በአማዞን ወይም በኢቤይ ለሚሸጥ ሰው ነገሩ ይቀልላል። በእነዚህ ገበያዎች የተሸጠውን ታክስ የሚሰበስቡትና የሚያስገቡት ራሳቸው ናቸው፤ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። የራሳችሁ ድረ ገጽ ካላችሁ ግን ሸክሙ የእናንተ ነው። የኦንላይን ሱቅ የሚከፈትበት ሾፒፋይ ታክሱን አስልቶ ከደንበኛው ይቀበልላችኋል፤ ለስቴቱ ማስገባቱ ግን የእናንተ ፋንታ ነው።

ምዝገባው ራሱ ከባድ አይደለም። በስቴቱ የታክስ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ይሞላል። ሜሪላንድ ውስጥ ኮምፕትሮለር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ቨርጂኒያ ታክስ ነው። የድርጅቱ ስም፣ አድራሻ፣ የፌዴራል ታክስ ቁጥር፣ ሽያጭ የተጀመረበት ቀንና የምትሸጡት ነገር ይጠየቃል። ክፍያው በአብዛኛው ስቴት ነጻ ነው፤ ኮነቲከት 100 ዶላር ታስከፍላለች። የፌዴራል ቁጥሩንም አይአርኤስ በነጻ ይሰጣል። የመንግሥት መስለው ለዚሁ ነገር ገንዘብ የሚጠይቁ ድረ ገጾች ስላሉ ተጠንቀቁ። ብዙ ስቴት ውስጥ መመዝገብ ያለበት ሰው ደግሞ በአንድ ማመልከቻ 24 ስቴቶችን የሚያዳርስ የጋራ ሥርዓት አለ። ሚኔሶታ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ጆርጂያ፣ ኦሃዮና ኔቫዳ ውስጡ ናቸው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን የሉበትም።

ቅደም ተከተሉ አይዛባ። ስትመዘገቡ ስቴቱ የሚሰጣችሁ ፐርሚት ሳይመጣ ከደንበኛ ታክስ መቀበል ሕገ ወጥ ነው። ፐርሚቱ ሲመጣ አንድ ጥቅም ይዞ ይመጣል፤ ሪሴል ሰርተፍኬት እየሰጣችሁ መልሳችሁ የምትሸጡትን ዕቃ ከጅምላ አከፋፋይ ያለ ታክስ መግዛት ትችላላችሁ። ለቤት የምትጠቀሙበትን በዚሁ መግዛት ግን አይፈቀድም።

የምትሸጡት ዕቃም ይጣራ። ሚኔሶታ ውስጥ ልብስ ላይ ሴልስ ታክስ የለም፤ የሐበሻ ቀሚሱ ነጻ ሆኖ አብሮት የተሸጠው የብር መስቀል ግን ይከፈልበታል። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለቱም ይከፈልባቸዋል።

ከተመዘገባችሁ በኋላ በወር፣ በሦስት ወር ወይም በዓመት ሪፖርት ታቀርባላችሁ፤ ስቴቱ ይወስናል። ምንም ያልተሸጠበት ጊዜም ቢሆን ዜሮ ብላችሁ ማስገባት አለባችሁ። ይህን የዘለሉ ስንት ሰዎች የቅጣት ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰበሰባችሁት ታክስ የእናንተ ገንዘብ አይደለም፤ የስቴቱ አደራ ነው። ዕቃ ማምጫ ተደርጎ ከጠፋ ኤልኤልሲው አይከልላችሁም፤ ስቴቱ ባለቤቱን በግሉ ይጠይቃል። በየሳምንቱ ወደ ሌላ የባንክ ሂሳብ መለየት ይህን አደጋ ያስቀራል።

ሳትመዘገቡ ቆይታችሁ ከሆነ አትደንግጡ፤ ዝም ብላችሁም አትመዝገቡ። ብዙ ስቴቶች በፈቃዱ ለሚቀርብ ሰው የሚሰጡት ስምምነት አለ። ወደ ኋላ የሚቆጠረውን ጊዜ ያሳጥራሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም ቅጣቱን ይተዋሉ። ዕድሉ የሚሠራው ግን ስቴቱ ራሱ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ነው፤ አስቀድሞ መመዝገብም ሊያሳጣው ይችላል። ከደንበኛ ተሰብስቦ ያልገባ ታክስ ካለ እሱ በሙሉ ይጠየቃል። ስለዚህ ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ሴልስ ታክስ የሚያውቅ አካውንታንት አነጋግሩ። የገቢ ግብር የሚሠራ ሁሉ ይህን አያውቅም፤ «የበጎ ፈቃድ ስምምነት ሠርተህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት።