ትርፍ የምክር ቤት መሬትን ወደ ኪስ መናፈሻ ለመለወጥ የሚደረግ የሕዝብ ምክክር በእንግሊዝ

በእንግሊዝ የአካባቢ ምክር ቤቶች፣ በለንደን የሚኖሩ ሐበሾች ካውንስል የሚሏቸው፣ ከትምህርት ቤቶችና ከኪራይ ቤቶች በተጨማሪ ለምንም አገልግሎት የማይውሉ በርካታ ቁራሽ መሬቶች በእጃቸው ይገኛሉ። መንገድ ሲሰፋ የቀረ ጥግ፣ ጋራዥ የፈረሰበት ቦታ፣ በሁለት ሕንጻዎች መካከል ተረስቶ ቆሻሻ የሚጣልበት መተላለፊያ የዚህ ዓይነት ናቸው። ምክር ቤቱ ቦታው ለሥራው እንደማያስፈልገው ሲወስን መሬቱ ትርፍ ተብሎ ይመዘገብና ሊሸጥ፣ ቤት ሊሠራበት፣ ለማኅበር ሊከራይ ወይም የኪስ መናፈሻ ሊሆን ይችላል። የለንደን ከተማ ፕላን የኪስ መናፈሻ የሚለው ስፋቱ ከ0.4 ሄክታር በታች የሆነውንና ከመኖሪያ ቤቶች ከ400 ሜትር ባነሰ ርቀት የሚገኘውን ክፍት ቦታ ነው።

ብዙ ጊዜ በአርአያነት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1967 በኒው ዮርክ 53ኛ ጎዳና የተከፈተው ፔሊ ፓርክ ሲሆን ስፋቱ 390 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። መሬቱም ገንዘቡም የግል ስለነበር ግን ለዚህ ጉዳይ ብዙም አያስተምርም። በእንግሊዝ የኖርዝሃምፕተንሻየር አውራጃ ምክር ቤት በ1984 በጀመረው መርሐ ግብር የመንደር ነዋሪዎች ትንንሽ አረንጓዴ ቦታዎችን ራሳቸው እንዲንከባከቡ ማገዝ ጀመረ። በ2012 የለንደን ከንቲባ የነበሩት ቦሪስ ጆንሰን በ2 ሚሊዮን ፓውንድ 100 የኪስ መናፈሻዎችን ለማዘጋጀት ዕቅድ አወጡ፤ በ2016 ደግሞ ማዕከላዊው መንግሥት ከ80 ለሚበልጡ ተመሳሳይ ቦታዎች 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ።

ሕጉ መናፈሻ ሲጠፋ ብዙ ይጠይቃል፤ ሲፈጠር ግን የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ትርፍ መሬትን መናፈሻ ለማድረግ ሕዝብን አማክሩ የሚል አንድ ወጥ አንቀጽ የለም። የግንባታ ፈቃድ ካስፈለገ ነዋሪዎች አስተያየት የሚሰጡበት ቢያንስ 21 ቀን ይኖራል፤ ከዚያ ያለፈውን አብዛኛውን ጊዜ ምክር ቤቱ በራሱ ፈቃድ ያደርገዋል። ምክክር አደርጋለሁ ብሎ ከጀመረ ግን በአግባቡ የመፈጸም ግዴታ አለበት። መለኪያው በ1985 በብሬንት ምክር ቤት ላይ ከቀረበ የትምህርት ቤቶች መዘጋት ክርክር የተወረሰ ነው፦ ምክክሩ ውሳኔው ገና ሳይበስል መደረግ፣ ነዋሪው አስቦ እንዲመልስ በቂ ማብራሪያ መስጠት፣ በቂ ጊዜ መፍቀድና የተገኘውን አስተያየት ከልብ መመልከት ይኖርበታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 የሃሪንጌይ ምክር ቤትን በተመለከተ በሰጠው ፍርድ እነዚህን መርሆች አጽንቷል፤ ከዚህም አልፎ ምክክሩ ፍትሐዊ እንዲሆን ምክር ቤቱ ውድቅ ያደረጋቸውን አማራጮች መግለጽ የሚኖርበት ጊዜ እንዳለ አመልክቷል።

የብዙ ምክክሮች ድክመት የሚታየው በዚህ የመጨረሻ ነጥብ ላይ ነው። መሬቱ ትርፍ ነው የሚለው ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ በቢሮ ውስጥ ያልቃል፤ ነዋሪው የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ፣ ስለ አግዳሚ ወንበርና ስለ አበባ ዓይነት ነው። የቤት እጥረት በከፋበት ከተማ ግን እውነተኛው ጥያቄ በቦታው ላይ ቤት ይሠራ ወይስ ክፍት ይቆይ የሚለው ነው። በመጠይቁ ላይ ያልሰፈረ አማራጭ በስብሰባው አዳራሽ መነሣቱ ስለማይቀር፣ ቀድሞ በግልጽ ማቅረቡ ለምክር ቤቱም ይበጃል።

በተግባር በቦታው ዙሪያ ላሉ ቤቶች በራሪ ወረቀት ይታደላል፣ በአጥሩ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ መጠይቅ በኢንተርኔት ይከፈታል፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በቦታው ላይ ንድፎች ተዘርግተው ባለሙያዎች ከነዋሪው ጋር ይነጋገራሉ። የ2010 የእኩልነት ሕግ ምክር ቤቶች ውሳኔያቸው በአረጋውያን፣ በአካል ጉዳተኞችና በሌሎችም ላይ የሚያስከትለውን ውጤት እንዲያስቡ ስለሚያስገድድ፣ በኢንተርኔት መጠይቅ ብቻ መወሰን አደገኛ ነው። መናፈሻው ከሁሉ የበለጠ የሚያስፈልጋቸው፣ ሰገነት በሌለው አፓርታማ ልጆች የሚያሳድጉ ሰዎች፣ ቅጽ ለመሙላት ጊዜ ከማያገኙት መካከል ናቸው፤ እነሱን ለማግኘት በትምህርት ቤት በር ላይ መቆም ከአሥር ማስታወቂያ ይሻላል።

ተቃውሞው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ግድግዳቸው ከቦታው ጋር ከሚዋሰን ቤቶች ነው፤ እንደ ተራ ራስ ወዳድነት መቁጠሩም ስህተት ነው። የሌሊት ጫጫታ፣ መጠጥ፣ የመኪና ማቆሚያ ማጣት፣ የውሻ ዐይነ ምድር የሚያሳስቡት በየዕለቱ ከቦታው ጎን የሚኖረውን ነው። ወንበሮችን ከመስኮቶች ማራቅ፣ ዕይታ እንዳይከለል ቁጥቋጦውን ዝቅ ማድረግ፣ በሩን ሲመሽ መቆለፍ የተለመዱ መልሶች ናቸው። ይሁን እንጂ ቁልፉን በየምሽቱ የሚይዘው ሰው ማን እንደሆነ ካልተወሰነ መልሱ ወረቀት ላይ ይቀራል። የቀድሞ ጋራዥ ቦታ ከሆነ አፈሩ በዘይትና በኬሚካል ተበክሎ ሊሆን ስለሚችል የምርመራው ውጤት ከንድፉ ጋር መቅረብ አለበት፤ ነዋሪው ለአትክልት ድምፅ ከሰጠ በኋላ መትከል አይቻልም ማለት እምነት ያሳጣል።

ከሁሉ የሚከብደው እንክብካቤው ነው። ድጎማዎች ባመዛኙ ለግንባታ እንጂ ለማጨድና ቆሻሻ ለማንሣት አይሰጡም። መናፈሻ ማስተዳደር በሕግ የግድ ከሚሰጡ አገልግሎቶች ውስጥ ስላልሆነ፣ ከ2010 በኋላ በጀታቸው የተቀነሰባቸው ምክር ቤቶች ሥራውን የመናፈሻው ወዳጆች ለሚባሉ የበጎ ፈቃደኞች ቡድኖች ማካፈል አዘውትረዋል። ስለዚህ ቅርብ የውኃ ቧንቧ አለ ወይ የሚለው ተራ ጥያቄ ከንድፉ ውበት በላይ ይመዝናል፤ አዲስ የተተከለ ዛፍ በመጀመሪያዎቹ በጋዎች ውኃ ካላገኘ ይደርቃልና። በሳውዝዋርክ በ2012 የተከፈተው ጊቦንስ ሬንት የተባለው መተላለፊያ ከዚህ አንጻር ይጠቀሳል፦ የተዘነጋው መተላለፊያ የኮንክሪት ቱቦዎች የአበባ መትከያ ሆነውለት ሲለማ፣ ነዋሪዎችና በአካባቢው የሚሠሩ ሰዎች የራሳቸውን ተክል በማሰሮ አምጥተው እንዲጨምሩ ተጋብዘዋል።

ማኅበር ቦታውን በረጅም ኪራይ እንዲወስድ ሲታሰብ ሌላ ሕግ ይመጣል። የ1972ቱ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ምክር ቤት መሬቱን ሊያገኝ ከሚችለው የተሻለ ዋጋ በታች እንዳያስተላልፍ ይከለክላል፤ ከሰባት ዓመት ያልበለጠ ኪራይ ግን ከክልከላው ነጻ ነው። በ2003 የወጣ አጠቃላይ ፈቃድ ደግሞ ጥቅሙ ለአካባቢው ኢኮኖሚያዊ፣ ማኅበራዊ ወይም የተፈጥሮ አካባቢ ደኅንነት ከሆነ እስከ 2 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ የዋጋ ቅናሽ እንዲደረግ ይፈቅዳል።

ይኸው የ1972 ሕግ ክፍት ቦታ ከመሸጡ በፊት በአካባቢው ጋዜጣ ለሁለት ተከታታይ ሳምንት እንዲታወጅና ተቃውሞ እንዲሰማ ያዛል። ሽሩስበሪ ውስጥ ከተማው በ1926 ካገኘው የመዝናኛ ሜዳ ከፊሉ በ2017 ያለዚህ ማስታወቂያ ለቤት አልሚ ተሸጠ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 የሕዝቡ የመጠቀም መብት በሽያጩ እንዳልጠፋ ወስኖ የግንባታ ፈቃዱን ሰረዘ። የምክር ቤት የገንዘብ ኃላፊዎች መናፈሻውን ጊዜያዊ ብለው መሰየም የሚመርጡት እንዲህ ያለ መብት እንዳይፈጠር በመስጋት ጭምር ይመስላል። ጊዜያዊነቱ በምክክሩ ወቅት በግልጽ ካልተነገረ፣ ከዓመታት በኋላ ቦታው ሲፈለግ የሚነሣው ቁጣ የሚጠበቅ ነው። ዘላቂነት ለሚሹ ነዋሪዎች በ1925 የተመሠረተው ፊልድስ ኢን ትረስት የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት የሚያቀርበው ውል አለ፤ ምክር ቤቱ ከፈረመው የመሬቱ ባለቤት ሆኖ ይቀጥላል፣ ለመሸጥ ወይም ለሌላ አገልግሎት ለማዋል ግን የድርጅቱን ስምምነት መጠየቅ ይኖርበታል።