ኤፒአይ ምንድን ነው? የተመራማሪን መረጃ በነጻ ስለመጠየቅ

ኤፒአይ አንድ ፕሮግራም ከሌላው መረጃ የሚጠይቅበትና መልስ የሚቀበልበት፣ ሥርዓት የተበጀለት መንገድ ነው። ነገሩ የመዝገብ ቤትን መስኮት ይመስላል፤ ባለጉዳይ መደርደሪያው ድረስ አይገባም፣ የሚፈልገውን ጽፎ ያቀብላል፣ መዝገብ ያዡም የተጠየቀውን ብቻ አውጥቶ ይሰጠዋል። ድረ ገጽ የሚሰናዳው ለሰው ዓይን ስለሆነ በምስልና በቀለም ያጌጣል፤ ኤፒአይ ግን ጄሰን በሚባለው አጻጻፍ ርእሱንና መረጃውን ጎን ለጎን አድርጎ ደረቁን ይመልሳል።

ተመራማሪዎችን ለመፈለግ በነጻ ከተከፈቱት መካከል የጥናት ጽሑፎችና የጸሐፊዎቻቸው ማውጫ የሆነው ኦፕን አሌክስና ለተመራማሪዎች መለያ ቁጥር የሚሰጠው ኦርኪድ ይገኙበታል። ኦፕን አሌክስ የማይክሮሶፍት አካዳሚክ ግራፍ የተባለው ተመሳሳይ ማውጫ በ2021 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ሲቋረጥ ክፍተቱን ለመሙላት በ2022 መጀመሪያ ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ስያሜውን የወሰደው ከጥንቱ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ነው። ብዙዎቻችን የለመድነው ጉግል ስኮላር እንዲህ ያለ ይፋዊ መስኮት የለውም። ለኦፕን አሌክስ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ መስመር አድራሻ ነው፤ መልሱም የተመራማሪውን ስም፣ የሥራዎቹን ብዛት፣ ሌሎች ስንት ጊዜ እንደጠቀሱት፣ በቅርቡ የታወቀበትን ተቋምና፣ ካለው፣ የኦርኪድ ቁጥሩን ይዞ ይመጣል።

እዚህ ወሎ ችግሩ ያለው ስሙ ላይ ነው። ደሴ ወይም ወልድያ ላይ የመምህራንን የኅትመት ዝርዝር አሰባስብ የተባለ ሰው «ሰይድ መሐመድ» ብሎ ቢፈልግ፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ብዙ ሰዎች ይመጡለታል። አንዱ ሰው ራሱም በላቲን ፊደል «መሐመድ»ን አንዴ በ«ኦ»፣ አንዴ በ«ዩ»፣ አንዴ በአንድ «ኤም»፣ አንዴ በሁለት ጽፎት ሊገኝ ይችላል። በዚህ ላይ የውጭ መጽሔቶች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥረው የራሱን ስም ወደ አንድ ፊደል ያሳጥሩታል። አባት ሰይድ፣ ልጅ ተስፋዬ መባሉ በወሎ ብርቅ አይደለም፤ ማጣቀሻ ላይ ግን ተስፋዬ ከአንድ ፊደል በቀር ጠፍቶ ሰይድ ብቻ ይቀራል። ኦፕን አሌክስ ጸሐፊዎችን የሚለየው በስም፣ በአብሮ ጸሐፊዎችና በመሳሰሉት ምልክቶች በኮምፒውተር ስሌት ስለሆነ፣ አንዳንዴ ሁለት ሰው አንድ ያደርጋል፣ አንዳንዴም አንዱን ሰው ለሁለት ይከፍላል። ፍለጋውን በተቋም ማጥበብ ያግዛል፤ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ የቀየረ ወይም ለትምህርት ውጭ የሄደ መምህር በዚያ ወንፊት ሊያመልጥ ይችላል።

ስለዚህ በስም ከመፈለግ በቁጥር መፈለግ ይሻላል። በ2012 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ኦርኪድ ለተመዘገበ ተመራማሪ ሁሉ በአራት በአራት የተከፈለ ባለ 16 አኃዝ መለያ በነጻ ይሰጣል። የመጨረሻው ምልክት ከፊተኞቹ 15 አኃዞች ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ ስለሆነ፣ አንድ አኃዝ በስህተት ቢጻፍ ስህተቱን ማወቅ ይቻላል፤ የስሌቱ ውጤት 10 ሲሆን በአንድ አኃዝ ስለማይጻፍ አንዳንዱ መለያ በ«ኤክስ» ፊደል ያበቃል። የኦርኪድ ነጻ ኤፒአይ የሚሰጠው ባለቤቱ ለሁሉም ይታይ ያለውን ብቻ ስለሆነ ገጹ ባዶ ሆኖ ቢገኝ ሰውየው ምንም ጥናት አላሳተመም ማለት አይደለም፤ ወይ አልሞላውም፣ ወይ ዘግቶታል።

ሥራው የመምህራን ዝርዝር ከሆነ ቀላሉ መንገድ እያንዳንዱን መምህር አስቀድሞ ቁጥሩን መጠየቅ፣ ከዚያም ኦፕን አሌክስን በዚያው ቁጥር ፈልጎ የተገኘውን ዝርዝር መልሶ ለመምህሩ ማሳየት ነው።