ሜሞሪ ሆትፕለግ ምንድን ነው? በባሕር ሸሽ ላይ ቤት አይሠራም

ባሕር ዳር ውስጥ ስልክ የሚሸጥበት ሱቅ ስትገቡ «8+8 ጂቢ ራም» የሚል ወረቀት አታጡም። ሻጩም «ይሄኛው እንደበራ ራም ይጨምራል» ይላችኋል። ነገሩ ስዋፕ ነው። ከስልኩ ማከማቻ 8 ጊጋባይት ተቆርሶ ለጊዜው የማይፈለገው ዳታ ይራገፍበታል፤ ራሙ ያው 8 ነው። ሻጭ ነውና ይሁንለት። የሚያናድደው ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ስዋፕን፣ ባሉንንና ሆትፕለግን (ሁለቱን ከታች እፈታቸዋለሁ) በአንድ ስም ጠርቶ፣ በዚያው ስም ሌላውን ሲመክር ነው። ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ምክር እንዲህ ይላል፦ «ሊኑክስ ሆትፕለግ ይችላል፣ ስለዚህ ማሽኑን ሳታጠፋ ራሙን ንቀለው።»

እባካችሁ አትንቀሉት።

ተራ ማዘርቦርድ የራሙን ፍጥነትና ቮልቴጅ የሚያስተካክለው ማሽኑ ሲበራ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተሰካን ራም የሚያየው የለም። መንቀሉ ይብሳል። ሁለት ራም በሁለት ቻናል ሲሰካ የአንደኛው አድራሻ አልቆ የሁለተኛው አይጀምርም፤ በትናንሽ ቁራሽ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ እየተፈራረቀ ይሄዳል። አንዱን የነቀለ ሰው የአንዳንድ ፕሮግራሞችን ዳታ አወጣሁ ብሎ ያስባል፤ ያወጣው ግን የሁሉንም ግማሽ ነው፣ የከርነሉን (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ጨምሮ። ማሽኑ እዚያው ይሞታል፤ ኤሌክትሪክ እያለበት ስለተነቀለም ራሙ ወይም መሰኪያው ሊቃጠል ይችላል። እየሠሩ ራም የሚነቀልላቸው ትልልቅ ሰርቨሮች መኖራቸው እውነት ነው። እነሱ ግን ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ቦታውን አስቀድሞ ካልለቀቀም ማንም አይነካቸውም። ዛሬ ሆትፕለግ የሚለው ቃል በብዛት የሚሠራው ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ማሽን) ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ በእጅ የሚነቀል ነገር የለም።

ሆትፕለግ ማለት ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሥራ ላይ እያለ «የኔ ነው» ብሎ የሚያስተዳድረውን የሜሞሪ (የራም) ስፋት ማስፋትና ማጥበብ ነው። ጣና ዳር ላለ ሰው ይህን ለማስረዳት ባሕር ሸሽ ይበቃል። ሐይቁ በመስከረም ገደማ ሞልቶ በበጋው እየሸሸ ሲሄድ ዳር ዳሩን መሬት ይለቃል፤ ያ መሬት ባሕር ሸሽ ይባላል። መሬቱ ብቅ ስላለ ብቻ ግን እርሻ አይሆንም፤ ድንበሩ ተለክቶ «ይህ ያንተ፣ ይህ ያንቺ» መባል አለበት። ከርነሉም የሚሠራው በእነዚሁ ሁለት ደረጃዎች ነው።

መጀመሪያ መዝገቡ ይከፈታል። ሊኑክስ ሜሞሪውን ገጽ በሚባሉ ባለ4 ኪሎባይት ቁራሾች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ገጽ 64 ባይት የሚያህል መዝገብ ይይዛል። ለ1 ጊጋባይት 16 ሜጋባይት፣ ለ64 ጊጋባይት ደግሞ 1 ጊጋባይት ሙሉ መሆኑ ነው። ይህ መዝገብ በነባሪው የሚቀመጠው በነበረው ሜሞሪ ላይ እንጂ በአዲሱ ላይ አይደለም። ሰው ደግሞ ሜሞሪ የሚጨምረው ሲያልቅበት ነው! ስለዚህ ጥግ የደረሰ ማሽን ላይ 64 ጊጋባይት በአንድ ጊዜ ልጨምር ብትሉ፣ ጭማሪው ራሱ «ሜሞሪ የለም» ብሎ ሊወድቅባችሁ ይችላል። በትንንሹ ጨምሩ። አዳዲስ ከርነሎች መዝገቡን በአዲሱ ሜሞሪ ላይ የማስቀመጥ ምርጫ አላቸው፤ ካልከፈታችሁት ግን ዝግ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ኦንላይን ማድረግ (ለአገልግሎት መክፈት) ይመጣል። ሜሞሪው በብሎክ ይከፋፈላል፤ በተለመደው ባለ64 ቢት ማሽን አንዱ ብሎክ 128 ሜጋባይት ነው፣ ትልልቆቹ ላይ እስከ 2 ጊጋባይት ይደርሳል። ብሎኩ ኦንላይን እስኪሆን ድረስ ፕሮግራም አይደርስበትም። «8 ጊጋ ጨመርኩ፣ በፍሪ (free) ትእዛዝ ሳይ ግን ያው ነው» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚህ ነው፦ በኤልኤስሜም (lsmem) ትእዛዝ ዝርዝሩን እዩ፣ ኦፍላይን የሚል ካለ በሲኤችሜም (chmem) አብሩት። አንዳንድ ዲስትሪቢውሽን በራሱ ያበራል፣ አንዳንዱ አያበራም።

ኦንላይን ስታደርጉ ምርጫ አለ፤ ክርክሩ ሁሉ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ብሎኩን ከርነሉ እንደፈለገ ሊጠቀምበት ይችላል፣ ወይም ተንቀሳቃሽ ዞን ብቻ ይሆናል።

በባሕር ሸሽ ላይ ሽምብራ ይዘራል፣ ጓያ ይዘራል። ማንጎ አይተከልም፣ ቤትም አይሠራም፤ ውኃው እንደሚመለስ ይታወቃላ። ተንቀሳቃሽ ዞንም እንደዚያው ነው፦ ሊታጨድና ሊነሣ የሚችለው ብቻ ይገባበታል። የፕሮግራሞች ዳታና የፋይል ካሽ (ከዲስክ የተነበበው ቅጂ) ይነሣሉ። ከርነሉ ገጹን ወደ ሌላ ቦታ ይገለብጣል፣ የፕሮግራሙን የገጽ ሰንጠረዥ (ገጾቹ የት እንዳሉ የሚያሳየውን) ያስተካክላል፣ ፕሮግራሙም ሳያውቀው ኑሮው ይቀጥላል። የከርነሉ የራሱ ዳታና የገጽ ሰንጠረዦቹ ግን ቤት ናቸው። ከርነሉ በቀጥታ በአድራሻቸው ስለሚጠራቸው፣ ቢነሡ ያን አድራሻ የያዘውን ሁሉ ፈልጎ የሚያርም የለም። በአንድ 128 ሜጋባይት ብሎክ ውስጥ 32,768 ገጾች አሉ፤ ከነዚያ አንዷ እንዲህ ያለች ከሆነች ብሎኩ በሙሉ አይወጣም። ጎጆዋ ትንሽ መሆኗ አይጠቅማችሁም።

«32 ጊጋ አለው፣ 20ው ባዶ ነው፣ 4 ብቻ ቀንስ ስለው ሥራ በዝቶብኛል ይለኛል፤ ሊኑክስ በሽተኛ ነው» የሚል ሰው የሳተው ይህንኑ ነው። ጥያቄው «ስንት ባዶ አለ» አይደለም፣ «በየትኛው ብሎክ ማን ተቀምጧል» ነው። ማሽኑ ለወራት ያለ ዞን ልዩነት ሲሠራበት ከኖረ የከርነሉ ጎጆዎች በየቦታው ተበትነዋል፤ 20 ጊጋ ባዶ ይዛችሁም ሙሉ በሙሉ የጸዳ ብሎክ ላታገኙ ትችላላችሁ። የሚወጣው ሜሞሪ የሚወሰነው በምታስወጡበት ቀን ሳይሆን ባስገባችሁበት ቀን ነው።

እዚሁ ላይ ብዙዎች «በሲስ (/sys) ፋይል ሥርዓቱ ላይ ሪሙቨብል («የሚወጣ») የሚለው ፋይል 1 ይላል፣ ስለዚህ ይወጣል» ይላሉ። ድሮ ፍንጭ ይሰጥ ነበር። በዛሬ ከርነል ያ 1 የሚነግራችሁ ከርነሉ ብሎክ ማስወጣት የሚችል ሆኖ መሠራቱን ብቻ ነው፤ ስለዚያ ብሎክ ምንም አይነግራችሁም። ለማወቅ መሞከር ብቻ ነው።

ሲሞከርም ከርነሉ ብሎኩን ያገልላል፣ አዲስ ነገር እንዳይገባበት። ከዚያ ገጾቹን እያነሣ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል፣ የቀረ ካለ ደግሞ ይሞክራል። ሁሉም ካለቀ ብሎኩ ኦፍላይን ይሆናል፤ መሣሪያው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሚነሣ የሚመስል ግን ለጊዜው የተያዘ ገጽ ካጋጠመው ሙከራው ለረጅም ጊዜ ሊዞር ይችላል፤ የማቋረጫ ምልክት (ሲግናል) እስኪመጣ አያቋርጥም። ስለዚህ ትእዛዙን በታይምአውት (በጊዜ ገደብ)፣ ለምሳሌ በ30 ሴኮንድ፣ ጠቅልላችሁ ስጡት። ከአንዱ ብሎክ ጋር ሙጭጭ ከማለትም ሌላውን መሞከር ይሻላል።

ምሳሌውን ትንሽ ልለጥጠው። ጣና ደስ ሲለው አይመለስም፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ ግድብ አለ፣ የውኃው ከፍታም በበሮቹ ይገዛል። ሃይፐርቫይዘሩ፣ ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስኬደው ሶፍትዌር፣ በር ከፋቹ ነው። ከማዶ ምን እንደተዘራ አይታየውም፤ «4 ጊጋ መልስ» ይላል እንጂ የቱ ብሎክ ላይ ጎጆ እንዳለ አያውቅም። ልዩነቱ ውኃ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ከርነሉ ግን «አልለቅም» ማለት ይችላል፤ ደግነቱም እሱ ነው። ቨርቲዮሜም የሚባለው ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ከሊኑክስ 5.8 ጋር የገባው፣ ይህን ድርድር ሥርዓት አስይዞታል። ሃይፐርቫይዘሩ የሚፈልገውን መጠን ይናገራል፤ እንግዳው (ቨርቹዋሉ) ማሽን ከ128 ሜጋባይት እጅግ ባነሱ ቁራሾች የቻለውን ያህል ይለቃል፤ የተጠየቀውና የተገኘው ለየብቻ ይታያል። 4 ጊጋ ጠይቃችሁ 3 ቢመለስ ብልሽት አይደለም።

ባሉን፣ ሃይፐርቫይዘሩ ሜሞሪ መልሶ የሚያገኝበት ሌላው ዘዴ፣ ግን የተለየ ነው። ባሉን መሬቱን አይወስድም፤ ገበሬውን «አትዝራበት» ብሎ ያስቀምጠዋል። መዝገቡ እንደተከፈተ ይቀራል፣ ከርነሉም መሬቱን የራሴ ነው እንዳለ ነው። በራሱ ጠቃሚ ነገር ነው፣ ሆትፕለግ ብላችሁ አትጥሩት እንጂ።

«እንግዲያው ሁሉንም ተንቀሳቃሽ ዞን አድርጌ ልገላገል» የሚልም ይመጣል። መንደሩ በሙሉ ባሕር ሸሽ ከሆነ ቤት የት ይሠራል? በ4 ጊጋባይት ሜሞሪ የበራ ማሽን ላይ 60 ጊጋባይት ተንቀሳቃሽ ብትጨምሩ፣ መዝገቡ ብቻውን 960 ሜጋባይቱን ከዚያች 4 ላይ ይበላል። የገጽ ሰንጠረዡ፣ የኔትወርክ ባፈሩ፣ የፋይል ሥርዓቱ ዳታ ሁሉ በቀረችው ይጋፋሉ። ከዚያ 40 ጊጋ ባዶ እያለ ከርነሉ ሜሞሪ አለቀብኝ ብሎ ፕሮግራም ይገድላል፣ እናንተም ግራፉን እያያችሁ ግራ ትጋባላችሁ። ለአንድ እጅ ተራ ሜሞሪ ሦስት እጅ፣ ቢበዛ አራት እጅ ተንቀሳቃሽ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ነው። ገጾችን ለረጅም ጊዜ ቆልፎ የሚይዝ ሥራ ካላችሁ፣ ለምሳሌ ካርድ በቀጥታ ለቨርቹዋል ማሽን የሚሰጥ አስተናጋጅ ወይም አርዲኤምኤ (በኔትወርክ የሌላውን ማሽን ሜሞሪ በቀጥታ መድረስ)፣ ከዚያም ቀንሱ፤ የተቆለፈ ገጽ ተንቀሳቃሽ ዞን ውስጥ አይቀመጥም።

ዝግጅቱ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ነው። በኪውኤምዩ (ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ ነው) ማሽኑ ሲነሣ የስሎት (የመሰኪያ) ቁጥርና ከፍተኛው የሜሞሪ ጣሪያ ካልተጻፈ በኋላ የሚሰካበት ቦታ የለም። በቪኤምዌርም የመጨመር ፈቃዱ የሚከፈተው ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ነው። በሊብቨርት (የቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያ) ስትጨምሩ በሚሠራው ማሽን ላይ ብቻ ሳይሆን በማዋቀሪያው ላይም አስመዝግቡ፤ አለበለዚያ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ጭማሪው የለም።

ማንም ባይጠይቀኝም፦ ሜሞሪ ጨመርን ማለት ፕሮግራሙ ተጠቀመበት ማለት አይደለም። የፖስትግሬስ የጋራ ባፈር የሚቀየረው ዳታቤዙ ሲነሣ ነው፤ የጃቫ ሂፕ (ፕሮግራሙ የሚይዘው ሜሞሪ) ጣሪያም በመነሻው ትእዛዝ የታሰረ ነው። ለነዚህ የሚተርፋቸው የፋይል ካሽ መስፋቱ ብቻ ነው፣ እሱም ቀላል አይደለም። ኬዳምፕ (ከርነሉ ሲወድቅ የሜሞሪውን ቅጂ የሚያስቀምጠውን) የምትጠቀሙ ከሆነ ከጭማሪው በኋላ እንደገና መጫኑን አረጋግጡ፤ አሮጌ ከርነል ላይ የብልሽት ቅጂው አዲሱን ሜሞሪ ሳያካትት ሊቀር ይችላል።

ደግሞም ይህ ሁሉ ልፋት አንዲት ሪስታርት ለማዳን ነው። የዩፒኤሱ ባትሪ የሞተበት ሰርቨር መብራት በሄደ ቁጥር ሪስታርት ይደረጋል። እዚያ ባትሪው ይቀየር፤ ራሙም መብራት በሄደበት ሰዓት ገመዱ ከሶኬት ተነቅሎ ይሰካ።