የሰፈር ሜዳና አዳራሽ በበጎ አድራጎት እጅ፦ ሀዋሳ

ትርፍ የማያከፋፍል ድርጅት ኳስ ሜዳ፣ የልምምድ አዳራሽና ትንሽ መድረክ በአንድ አጥር ውስጥ አዘጋጅቶ፣ ያለ ደመወዝ ለሚጫወቱ፣ ለሚዘፍኑና ቴአትር ለሚሠሩ የአካባቢው ሰዎች ክፍት ሲያደርግ፣ ያ ቦታ የማኅበረሰብ የስፖርትና የባህል ማዕከል ይባላል። ከክለብ የሚለየው የራሱን ቡድን ለዋንጫ ማሰለፍ ዋና ዓላማው ባለመሆኑ ነው። ሥራው ቦታውን ማዘጋጀት፣ መጠበቅና ተራ ማስያዝ ሲሆን፣ ዕድሜውም ከግንባታው ይልቅ በዚህ ዓይን በማይስብ የዕለት ተዕለት ሥራ ይወሰናል።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቅ ዳር የተቆረቆረችው ሀዋሳ ለዚህ ዓይነቱ ተቋም የተመቸች ከተማ ናት። ከታቦርና ከአላሙራ ተራሮች በቀር መሬቷ ሜዳማ ነው፤ የኳስ ፍቅሯም በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ባነሣው ክለቧ በሀዋሳ ከተማ ይታወቃል። ለባህል ያላት ቦታም ከኳሱ አያንስም። ከክፍለ ከተሞቿ አንዱ «ባህል አዳራሽ» ተብሎ የሚጠራ ሲሆን፣ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ የከተማዋ የበዓል መሰብሰቢያ በሆነው በጉዱማሌ ሲከበር፣ ሽማግሌዎችና ወጣቶች ቄጣላ የተባለውን ባህላዊ ዜማና ጭፈራ እያሰሙ በኅብረት ይወጣሉ። በዓሉ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ልጆች ዜማውንና እርምጃውን የሚለማመዱበት ቦታ ግን ዓመቱን ሙሉ ያስፈልጋል።

ስፖርትንና ኪነ ጥበብን በአንድ ጣሪያ ሥር የማስጠለል ልማድ ለኢትዮጵያ ከተሞች አዲስ አይደለም። በ1844 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የተመሠረተውና በአገራችን ወወክማ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ፈር ቀዳጅ ነበር። ቅርጫት ኳስ በ1891፣ መረብ ኳስ ደግሞ በ1895 እ.ኤ.አ. የተፈጠሩት በዚሁ ማኅበር አሠልጣኞች እንደሆነ ሲታወስ፣ አንድ አዳራሽ ምን ሊወልድ እንደሚችል ይታያል። ወወክማ በደርግ ዘመን ተዘግቶ ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ሥራውን ቀጥሏል። በመካከሉ የቀበሌ አዳራሾችና የኪነት ቡድኖች፣ ኋላም በመንግሥት የተሠሩ የወጣት ማዕከላት ክፍተቱን በከፊል ሞልተዋል።

ማዕከል ለማቋቋም የሚያስብ ወገን በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በማኅበርነት ወይም በቦርድ በሚመራ ድርጅትነት ሊመዘገብ ይችላል። ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት ይፈቀድለታል፣ ትርፉን ግን ለአባላት ማከፋፈል አይችልም፤ የአስተዳደር ወጪውም ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ የሜዳው ጥገናና የአሠልጣኙ አበል ከቢሮ ወጪ ተለይተው በጥንቃቄ መመዝገብ አለባቸው። መሬት የግል ንብረት ባለመሆኑ ቦታው የሚገኘው በሊዝ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 721/2004 በጎ አድራጎት ድርጅቶች ለሚያካሂዱት ማኅበራዊ አገልግሎት ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ የሚሰጥበትን መንገድ ከፍቷል። ምደባውን እስኪያገኙ በየዓመቱ በሚታደስ ውል በትምህርት ቤት ወይም በቀበሌ ግቢ መሥራት ይቻላል፤ ሆኖም ለከርሞ መቆየቱን ያላረጋገጠ ድርጅት የሲሚንቶ ወለል ለማፍሰስም ሆነ የውሃ መስመር ለማስገባት አይደፍርም።

የማዕከሉ እውነተኛ መልክ የሚገለጸው በር ላይ በተለጠፈው የሰዓት ሠሌዳ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሜዳውን የሚይዙት የጤና ቡድኖች ናቸው፤ ሆዳቸው የገፋ ጎልማሶች ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው ማልያ ተካፍለው እስከ ቁርስ ሰዓት ይሯሯጣሉ፣ ከጨዋታው በኋላም ለታመመ ጓደኛ መዋጮ ይሰበስባሉ። በሥራ ቀን ከ10 ሰዓት በኋላ ሜዳው የተማሪዎች ነው። በአዳራሹ ውስጥ የቴኳንዶና የሰርከስ ልጆች አንድ ፍራሽ በተራ ይጠቀማሉ፤ ጠርዙ ተቀዶ ስፖንጁ የወጣውን ፍራሽ በጆንያ መርፌ ሰፍቶ የሚመልሰው ብዙውን ጊዜ ዘበኛው ነው። ከበሮና ክራር የሚለማመዱት ከቴአትር ቡድኑ ጋር በአንድ ሰዓት ከተገጣጠሙ ተዋናዩ የራሱን ድምፅ እንኳ አይሰማም፤ ስለዚህ ሠሌዳውን የሚያወጣው ሰው የሁለቱንም ሥራ የሚያውቅ ሊሆን ይገባል።

ገንዘቡ ከመዋጮ፣ ከለጋሾችና ከአዳራሽ ኪራይ ይመጣል። ኪራዩ ሲበዛ ሕመም አለው፦ ሠርግና ስብሰባ የሚበዛው ልጆች ከትምህርት ነፃ በሚሆኑበት በሳምንቱ መጨረሻ ነው። በወር የተወሰኑ ቅዳሜዎችን ለኪራይ ሰጥቶ ቀሪዎቹን ለልጆች መጠበቅ ከባድ ቢሆንም፣ ይህን ያላደረገ ማዕከል ቀስ በቀስ ተራ የሠርግ አዳራሽ ይሆናል። ሜዳውም በክረምት ውሃ ያቁራል፣ በበጋ አቧራ ይነሣበታል፤ በየጊዜው መደልደል፣ መስመሩንም በኖራ ማስመር ይፈልጋል።

በሠሌዳው ላይ በቀላሉ የሚረሱት ሴቶች ናቸው። ሜዳው ለወንዶች ቡድኖች ከተከፋፈለ በኋላ የተረፈው ሰዓት ሲሰጣቸው፣ ያ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ጀምበር ስትጠልቅ ነው፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን አይልኩም። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ የብርሃን ሰዓት አስቀድሞ ለሴቶች መመደብ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ የልብስ መቀየሪያ ክፍልና ውሃ ያለው መጸዳጃ ቤት ማዘጋጀት፣ ከአጥሩ በር እስከ አስፋልቱ ባለው መንገድም መብራት መትከል።